ሞተር ሲሞት

በገዛ እጅ የተሠራች መኪና ሞተሯ ሲሞት አልቃሽ አይገኝላትም፤ አማካሪ ግን በየደጁ ሞልቷል። ጉበቴን አመመኝ ብትሉት «ሐኪም ዘንድ ሂዱ» ብሎ የሚያልፋችሁ ጎረቤት፣ ሞተር ልትቀይሩ መሆኑን ከሰማ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሻይም ይጠብቃል።

ይህን የታዘብኩት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋሼ ወጣትነታቸውን አገር ቤት፣ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሲሸጡና ሲገጥሙ ያሳለፉ፣ የቀረውን ዕድሜያቸውን ደግሞ እዚህ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የጨረሱ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልኩን በየፌርማታው እየቆመ፣ አሮጊት እያወረደና እየጫነ የነዳ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን እንደሚያምረው መገመት አያስቸግርም። በር የሌላት፣ ጣሪያ የሌላት፣ መሬት ልሳ የምትሄድ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትጭን መኪና ነው የሚያምረው። የትኛውም ፌርማታ ላይ የማትቆም። ጋሼ ይህችን መኪና ብረቷን ቆርጠው፣ ሻሲዋን በይደው፣ ጋራዥ ውስጥ ሠሯት። በዚያ ጋራዥ የኔ ማዕረግ የእጅ ባትሪ ያዥ ነው። ትንሽ ሹመት እንዳትመስላችሁ፤ ባትሪው ሲንቀጠቀጥ የምሰማውን ስድብ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አያስተላልፈውም።

የዚህ አገር ሰው በጓሮው መኪና የመሥራት አመል አለበት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንያዘውና፣ በ1957 የሎተሱ መሥራች ኮሊን ቻፕማን «ሰቨን» የተባለችውን ትንሽ መኪና አወጣ። የቻፕማን ሃይማኖት ክብደት መቀነስ ነበር፤ ከመኪናዋ ሊነሳ የሚችለውን ሁሉ አነሳው። በሩን፣ ጣሪያውን፣ ምቾቱን፣ የጎረቤትን አክብሮት። በዚያን ጊዜ ተገጣጥሞ የሚሸጥ መኪና ከባድ የግዢ ግብር ነበረበት፤ ተበታትኖ የሚሸጥ ግን አልነበረበትም። ስለዚህ ሰዉ መኪናውን በቁርጥራጭ እየገዛ ቤቱ ይገጥም ጀመር። የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ መስጠት ክልክል ስለነበር ሎተስ የመፍቻ መመሪያ ይሰጥ ነበር፣ ገዢውም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነበው ነበር ይባላል። እንዲህ አድርጎ ግብር ሰብሳቢን የሚሸውድ ሕዝብ ከኛ ጋር በሥጋ ሳይዛመድ አይቀርም። በ1973 ግብሩ በቫት ተተካና ጨዋታው አበቃ፤ በዚያው ዓመት የሰቨን መብት ኬተራም ለሚባል ኩባንያ ተላለፈ።

ሱሱ ግን አልለቀቀም። በ1996 ሮን ቻምፒየን የሚባል ሰው ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ዕቃ እየነቀሉ ይህችኑ የመሰለች መኪና መሥራት የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። ርዕሱ ላይ፣ የራስዎን የስፖርት መኪና በ250 ፓውንድ እንኳ ሊሠሩ ይችላሉ ይላል። ጋሼ መጽሐፉን ከበጎ አድራጎት ሱቅ አገኙት። ባለቤታቸው እትዬ ከመጽሐፉ ያነበቡት ርዕሱን ብቻ ነው፤ እሱን ግን በቃላቸው ይዘውታል። ፖስተኛው ጥቅል ይዞ በሩን ባንኳኳ ቁጥር «ይኸም ከሁለት መቶ ሃምሳው ውስጥ ነው?» ይላሉ። ብሎንና ዳዶው ብቻውን ያንን እንዳለፈ ጋሼ ለኔ ነግረውኛል። ለእሳቸው አልነገሯቸውም፤ እኔም አደራ በላ አይደለሁም።

ሟቹ ሞተር ከተጣለ የቤተሰብ መኪና የተነቀለ ባለ 2 ሊትር አሮጌ ነበር። ከዕድሜው በላይ አገልግሏል። አንድ ቅዳሜ ዳገት ላይ ቢየላው የብሎኩን ጎን በስቶ ወጣ፤ መኪናዋ ዘይቷን እያንጠባጠበች፣ ጋሼ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ በተጎታች ቤታቸው ገቡ። ቀዳዳው ቡጢ ያስገባል። እትዬ አጎንብሰው በቀዳዳው ውስጥ አሻግረው አዩና «ይደፈናል?» አሉ። ጋሼ ዝም አሉ። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡናው ሳይፈላ ጉባኤው ተሰየመ።

መጀመሪያ የተናገሩት ለሠርግ ከሜሪላንድ የመጡት የእትዬ ወንድም ናቸው። «ቪ8 ነዋ! መኪና ነው የምትሠራው ወይስ የስፌት ማሽን?» አሉ። ቪ8 ሲባል አገር ቤት ላሉትም ለወጣነውም የሚታየን የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ስለሆነ ቤቱ ትንሽ ጸጥ አለ። እሳቸው ግን የካሮል ሼልቢን ታሪክ አምጥተው ጉባኤውን መልሰው ያዙት፤ ታሪኩ ደግሞ እውነትም የሚያስጎመጅ ነው።

በ1961 ኤሲ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ልክ እንደ ጋሼ ሞተር አጣ፤ ለቆንጆዋ ኤስ መኪናው ሞተር ያቀርብለት የነበረው ብሪስቶል ማምረቱን አቆመበት። ሼልቢ የቴክሳስ ሰው ነው። ዶሮ አርቢ ሆኖ ከስሯል፤ በ1959 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል፤ ከዚያ ልቡን እያመመው ከውድድር ወጥቷል። የኤሲን ችግር ሲሰማ የአሜሪካ ቪ8 ልግጠምባት ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ሼቭሮሌን ሞተር ቢጠይቅ፣ የራሳቸው ኮርቬት ነበረቻቸውና እምቢ አሉት፤ ፎርድ ሰጠው። በ1962 ኮብራ ተወለደች፤ እስከ ዛሬ በየጓሮው እሷን አስመስሎ የሚሠራው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ይኸው ሼልቢ በ1990 የገዛ ልቡ በሌላ ሰው ልብ ተተካለትና እስከ 2012 ኖረ። ሞተር መቀየርን እንደ እሱ ከውጭም ከውስጥም ያወቀው ያለ አይመስለኝም።

ታሪኩ ሲያልቅ ጋሼ ተነሱና ካርቶን አምጣ አሉኝ። የቪ8ን ወርድና ቁመት በካርቶን ቆርጠን፣ በፕላስተር አጣብቀን፣ ባዶው የሞተር ቦታ ውስጥ አስቀመጥነው። የግራው ጎን ደህና ገባ። የቀኙ ጎን የስተርሶው ዘንግ የሚያልፍበት ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ጋሼ ካርቶኑን እያዩ «ስተርሶውን አውጥቼ ቀጥታ ብቻ እሄድ ይሆን?» አሉ። የዘመኑ የአሜሪካ ቪ8 በአሉሚኒየም ተሠርቶ እንኳ 200 ኪሎ ያህል ነው፤ የጋሼ መኪና ሙሉዋን 600 ኪሎ ትሆናለች። እርግጥ እንዲህ ባለች መኪና ውስጥ ቪ8 የከተቱ ሰዎች ሞልተዋል፤ እነሱ ግን ሻሲውን ገና ሲበይዱ አስበውበታል። የሜሪላንዱ ሰው «ሻሲውን ዳግም መሥራት ነዋ» አሉ። በማግስቱ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ምክር ሁልጊዜ ደፋር ነው።

እንግዲህ ሰዎች ሞተር ሲመርጡ የሚጠይቁት ስንት ፈረስ ጉልበት አለው ብለው ነው። ጋሼ የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ጣጣው ምንድን ነው ብለው። ሁሉም ሞተር ጣጣ አለው፤ የአንዱ የዘይት መያዣ ኮፓው ጋ ነው፣ የሌላው ሽቦው ጋ፣ የሌላው ዋጋው ጋ። አብረኸው ልታረጅ የምትችለውን ጣጣ ካወቅህ ሞተሩን መርጠሃል ማለት ነው ይላሉ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ወደ ጣሪያ አዩ።

የቀኝ ጎረቤታችን እንግሊዛዊ ጡረተኛ ናቸው። ብስኩታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ብስኩታቸውን በልተው ይሄዳሉ። የሳቸው ሐሳብ ቁጥብ ነው፦ የፎርድ ዜቴክ። ባለ 16 ቫልቭ ነው፣ ከዘጠናዎቹ ጀምሮ በስንት ፎርድ ላይ ስለተገጠመ በየመኪና መፍቻው ግቢ አለ፣ ርካሽ ነው። እውነታቸውን ነው። ችግሩ ሞተሩ የተወለደው የፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና፣ አግድም ለመተኛት መሆኑ ነው። ኤስኮርት በ1980 የፊት ጎማ ነጂ ሆነ፤ የኋላ ጎማ የሚነዳው ሲየራም በ1993 ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን ቁመቱን አስተኝቶ ለኋላ ጎማ ጉልበት የሚልክ ርካሽ መኪና ከመንገድ እየጠፋ ሄደ፤ በየጓሮው መኪና የሚሠራው ሰው ሁሉ ሐዘንም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ጎረቤታችን ከሚያውቁት ሰው አንድ ዜቴክ ተውሰው አስመጡና በሰንሰለት አንጠልጥለን ወደ ቦታው አወረድነው። ጋሼ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ገቡ፤ እኔ በሆዴ ተኝቼ ባትሪዬን ያዝኩ። ኮፓው ከሻሲው በታች ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ሜትር አልጠየቁም። ኪሳቸው ውስጥ ከነበረው የክብሪት ሣጥን ጋር ለኩት፤ ክብሪቱ ቆሞ አልገባም፣ በጎኑ ተኝቶ ገባ። የኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የበዛበት ነው፤ አንዱ ጉብታ ላይ ኮፓው ቢላጥ ዘይቱ አስፋልት ላይ፣ ሞተሩም ከሟቹ ጎን ነው። ኮፓውን ቆርጦ ማሳጠር ይቻላል፣ ተቆርጦ የተሠራም ይሸጣል። ከዚያ የውሃ መውጫው ከኋላ በኩል ግድግዳውን ይገፋል፤ ለሱም መላ አለው። ከዚያ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ቤት፤ ይኸም ይገዛል። ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ሆነው ዋጋውን ሲደምሩ ይሰማኛል። «ሞተሩ ርካሽ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ዘመዶቹ ናቸው ውድ።»

ስለ ሞተር ብስክሌቱ ሐሳብ ብዙ አልልም። ምግብ በሞተር ብስክሌት የሚያደርስ አንድ ወጣት ሱዙኪ ሃያቡሳ ግጠሙባት አለ። የመጀመሪያው 1299 ሲሲ የነበረ፣ ላባ የመሰለ፣ ጩኸቱ ሰማይ የሚቀድ። የኋላ ማርሽ የለውም። እትዬ «ታዲያ ከጋራዡ እንዴት ይወጣል?» ብለው ጠየቁ፤ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ውድቅ እንዲሆን አጥብቄ የተከራከርኩት ሐሳብ ይኸ ብቻ ነው።

የጋሼ የእህት ልጅ ግን በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ ምህንድስና ይማራል። «አጎቴ፣ በዚህ ዘመን ቤንዚን? አገር ቤት እንኳ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከተጋጨ ኒሳን ሊፍ ሞተሩን እናውጣ፤ 80 ኪሎዋት ነው፤ ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው» አለ። ጋሼ ልጁን አይንቁትም። ባትሪውስ ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያዋ ሊፍ 24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል፤ የመኪናዋ ግማሽ ማለት ነው። ልጁ ከፊሉን ብቻ እንጫን አለ። ከፊሉን ከጫንን የት ያደርሰናል ቢሉት፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመልሳል አለ። እትዬ በዚህ ተደሰቱ። ጋሼ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ድምፁስ?»

«በስፒከር ይለቀቃላ!»

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ጋሼ የቡና ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ልጁ ፈተና አለበት፣ ወደ ትምህርቱ ይመለስ» አሉ።

ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም አፍ አውጥቶ ያልተናገረው ነገር ደግሞ ነበረ። ጋሼ ልባቸው ቶዮታ ጋ ነው። ሶማሌ ተራ ሳሉ የዲኤክስ ኮሮላን ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱ ነበር፤ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ፣ ጉልበት ብዙም የሌለው፣ አሳምረው የሚያክሙት ሞተር። ከዚያው ቤት በ1983 የወጣ ሌላ ሞተር አለ፦ 4ኤጂኢ። 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ቴስታታው ላይ ያማሃ እጁን ያሳረፈበት። የተገጠመው ኤኢ86 በምትባለው ኮሮላ ላይ ነው፣ ቁመቱን ተኝቶ፣ የኋላ ጎማ እየነዳ። ልኩም፣ ክብደቱም፣ ድምፁም ለጋሼ መኪና የተሰፋ ይመስላል። ሲያወሩለት ድምፃቸው ይቀየራል፤ እትዬ በወጣትነታቸው እንኳ እንዲህ እንዳልተወራላቸው ይናገራሉ።

ጣጣው ዋጋው ነው። «ኢኒሻል ዲ» የሚባል የጃፓን የሥዕል ታሪክ ከ1995 ጀምሮ ያችን ኮሮላ ቶፉ የምታመላልስ፣ በተራራ መንገድ ላይ ማንንም የምትቀድም ጀግና አደረጋት፤ የዓለም ጎረምሳ ሁሉ ተከተላት። የባቄላ አይብ አመላላሽ ተብሎ የጋሼ ሞተር ከእጃቸው ወጣ። ሞተሩን ከኤምአር2 ማውጣት ይቻላል፤ እዚያ ግን አግድም ከሹፌሩ ጀርባ ስለተቀመጠ ካምቢዮው ለኛ አይሆንም። የሚሆነው የኤኢ86ቱ ነው። ጋሼ አንድ አገኙና ስልክ ደወሉ። ሻጩ ዋጋውን ሲነግራቸው ጋሼ በአማርኛ «በስመ አብ» አሉ፤ ሻጩ ስማቸውን የነገሩት መስሎት ጻፈው።

በመጨረሻ የተመረጠው ማንም በክብር ያልጠራው ሆነ፦ ማዝዳ ኤምኤክስ-5። ከ1989 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሸጠች፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ለእሑድ ሽርሽር የምትሆን ለስላሳ መኪና። የሜሪላንዱ ሰው በስልክ ሲሰሙ «የፀጉር ሠሪ መኪና» ብለው ሳቁ። ይሳቁ። ሞተሯ ቁመቱን የተኛ ነው፣ የኋላ ጎማ ይነዳል፣ ካምቢዮው ከኋላው ተገጥሞ ይመጣል። በዚህ ዝናብ አገር የነዚህ መኪኖች የበር ሥር ብረት በዝገት ሲበላ ሞተራቸው ገና በጉልምስና ላይ ነው፤ ስለዚህ አካሉ የተሸነፈ፣ ልቡ የሚመታ በርካሽ ይገኛል። ባለ 1.8 ሊትሩ ወደ 130 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል። ለ600 ኪሎ መኪና ግን በቶን ከ200 ፈረስ በላይ መሆኑ ነው፤ በ1993 የወጣችው ፖርሽ 911 በ272 ፈረስና በ1370 ኪሎ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ይህን ሒሳብ ለእትዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። «ታዲያ ፖርሽ ናት በሉና» አሉ። ቢያንስ አልከፋቸውም።

እኔ በዚህ ምርጫ ተደስቻለሁ፤ የባትሪ ያዥ አስተያየት ከተቆጠረ። ለጎረቤት የሚያወሩት ሞተርና የሚነዱት ሞተር ለየቅል ናቸው፤ ቪ8ን መርጦ ሻሲውን ሲያስተካክል ያረጀ ሰው ስንት አለ። ጋሼ ያረጁት ቀድመው ነው፤ የሚጠብቁት ጊዜ የላቸውም።

ማዝዳውም ቢሆን ያለ ጣጣ አልመጣም። ሞተር እንደ ሙሽራ ነው፣ አጃቢውን ትቶ አይመጣም፤ የዚህኛው አጃቢ ሽቦ ነው። ኮምፒውተሩ ካልተገኘ፣ ኮምፒውተሩም የሚፈልገው መረጃ በየሽቦው ካልደረሰው፣ ሞተሩ ንክችም አይልም። ከመኪናዋ የወጣው የሽቦ ጅማት የእትዬን የምግብ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል፤ ምሳ የምንበላው ቁጢጥ ብለን ነው። ጋሼ እያንዳንዱን ጫፍ በወረቀት ፕላስተር ጠቅልለው በአማርኛ ጽፈውበታል። «ፖምፓ»፣ «ሞተሪኖ»፣ «የሙቀት መለኪያ» ይላል። «የመስታወት ማሞቂያ—የለንም» ይላል። አንዱ ወፍራም አረንጓዴ ላይ «ይኸ ወዴት ነው?» የሚል አለ፤ ከሥሩ የእህታቸው ልጅ በሌላ ቀለም «እኔም አላውቅም አጎቴ» ብሎ መልሷል። ከሱ ሥር፣ በሰፋፊ ፊደል፣ የእትዬ ጽሑፍ ነው፦ «ወደ ጋራዥ!»

ሞተሩ አሁን ቦታው ተቀምጧል። ኮፈኑ በጣት ልክ አልዘጋ ብሏል፤ ጋሼ አንድ እብጠት እንሠራለታለን፣ ጉልበት ያለው ያስመስላታል ብለዋል። ሞተር መቀየሩን ለመንግሥት ማስታወቅ ስላለባቸው ቅጹን ሞልተዋል፤ ኢንሹራንሱ ገና ነው፤ የስልክ አቀባዩዋ ልጅ «የመኪናው አምራች ማነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «እኔ» ብለው፣ እሷም ስልኩን ለአለቃዋ አስተላልፋ፣ አለቃዋም ለአለቃው አስተላልፎ፣ በሙዚቃ ላይ እንዳሉ መስመሩ ተቋርጧል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቤቱ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተሩ ተቃጥሎ ቆመ። እትዬ አዲስ እንዲገዛ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሰጡ። እኔ ስደርስ ማሽኑ ከግድግዳው ተስቦ፣ የጀርባ ክዳኑ ተፈትቶ፣ ጋሼ ተንበርክከው ውስጡን እያዩ ነበር። ጎረቤታችን ብስኩታቸውን ይዘው ቆመዋል። የእህት ልጅ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር እየፈለገ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ አዲስ ነው ያልኩህ!» ይላሉ እትዬ ከወጥ ቤት።

«ና እስቲ ባትሪውን ያዝልኝ» አሉኝ ጋሼ። «ከዚህ የሚበልጥ ሞተር የሚገባ ይመስለኛል።»